ሐዋሳ ላይ ሳሎን ለሚያስጨርሱ፦ ስለ መጽሐፍ መደርደሪያው



ልስኑ ደርቆ ባለሙያው «ይህን ግድግዳ ምን እናድርገው?» ማለት ከጀመረ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው። መሀሉ ላይ ቴሌቪዥኑ፣ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፤ «መጽሐፍም ይቀመጥበታል» ተባብላችኋል። ደግ። ልኩን ግን ከመጽሐፉ ይነሡ።

አብዛኛው የአማርኛ ልብ ወለድ 21 ሳንቲሜትር ገደማ ቁመት፣ 14 ገደማ ወርድ አለው። 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። እንደ ቁምሳጥን 50 ካስደረጉት መጽሐፉ ከኋላ ይሰወራል፤ ፊቱ ላይ የተረፈውን ቦታ ብርጭቆ፣ ቻርጀርና የመድኃኒት ብልቃጥ ይወርሱታል። ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ ደግሞ አንዱን ሳንቃ ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ያለ ድጋፍ አያስረዝሙት። መጽሐፍ ከባድ ነው፣ ያጎብጠዋል።

ግድግዳን ለመጽሐፍ ማሰናዳት ከሶፋ ጋር የመጣ ፈሊጥ እንዳይመስልዎ። በሐረር ጀጎል ነባር ቤቶች ጎድጓዳው መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይሠራል፤ መጽሐፍና የቤት ዕቃ ይገባበታል፣ ዙሪያውን ስፌት ይሰቀላል። የብራና መጻሕፍትም በቆዳ ማኅደር ሆነው ከግድግዳ ይንጠለጠሉ ነበር፤ ለዓይን ያምራል፣ ከአይጥና ከእርጥበትም ያድናል።

እርጥበት ካነሣን፦ መደርደሪያው ከውጭ ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ ከሆነ ከጀርባው ጥቂት ሳንቲሜትር የአየር መተላለፊያ ይተዉ። የታችኛው ሳንቃ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከወለሉ ከፍ ይበል፤ ወለል በየጊዜው በውኃ እንደሚታጠብ ለእርስዎ አልነግርም። ትልቁ ጠላት ግን መስኮቱ ነው። ሁሉም ወደ ሐይቁ መስኮት መክፈት ይፈልጋል፣ አይፈረድበትም። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ የከሰዓት ፀሐይ በዚያው ገብታ ፊት ለፊቱን ግድግዳ ትጠብሳለች። በደርግ ዘመን ኩራዝ ያሳተማቸው፣ ወረቀታቸው አስቀድሞ የገረጣ መጻሕፍት ካሉዎት ከዚያ ግድግዳ ያርቋቸው።

ወደ ጌጡ ልምጣ። መጽሐፍን በቀለም መደርደር አልወድም፤ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቀመጥ ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም፤ ርዕሱ ካልታየ ማን ይፈልገዋል? ከሲዳማ ደጋ የሚመጣ የቀርከሃ ሥራ፣ አንድ ጀበና፣ ጥቂት ባዶ ቦታ ይበቃል። ውኃ የሚጠጣ ተክል በመጻሕፍት አናት ላይ አይሁን። የምረቃ ፎቶውም ይኑር፣ ቤት ያለ እሱ አይሆንም፤ ነገር ግን ያ ግዙፍ ፍሬም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚጋርድ ከሆነ ወደ ጎን ግድግዳ ይሂድ።

የሃይማኖት መጻሕፍቱን ማንም ሳይነግርዎ ከላይ ያኖሯቸዋል። የታችኛውን ረድፍ ለልጆች ይልቀቁላቸው፣ መስታወትም አያስገጥሙበት። ይበትኑታል፤ ይበትኑት።