ከኮምፒውተር የበላይነት በኋላ፦ የቼዝ ዓለም ፍለጋና የእኛ ሰንጠረዥ

በዲሴምበር 2017 ሪያድ የንጉሥ ሰልማን የዓለም ፈጣን ቼዝ ሻምፒዮናን አስተናገደች። ሕንዳዊው ቪስዋናታን አናንድ በራፒድ፣ ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን በብሊትዝ ድል ተቀዳጁ። በዚያው ወር ይፋ የሆነው ሌላ ዜና ግን ከዚህ የላቀ ትርጉም ነበረው። አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም የጨዋታውን ሕግ ብቻ ይዞ፣ ከራሱ ጋር እየተጋጠመ ተምሮ፣ ስቶክፊሽ የተባለውን ኃያል ፕሮግራም ገጠመ። ከ100 ግጥሚያዎች 28ቱን አሸነፈ፤ 72ቱን በአቻ ፈጸመ።

ጋሪ ካስፓሮቭ በ1997 በዲፕ ብሉ በተረታ ጊዜ ማሽኑ ግዙፍ ነበር። ዛሬ ደርብ ላይ ያለ ሠራተኛ በኪሱ የያዘው ስልክ የዓለምን ሻምፒዮን ሊረታ ይችላል። ስለዚህ ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ተዘግቷል። አሳሳቢው ነገር ኮምፒውተሩ በሰዎች መካከል በሚደረገው ጨዋታ ላይ ያስከተለው ለውጥ ነው።

ታላላቅ ተጫዋቾች የመክፈቻ እንቅስቃሴዎችን በፕሮግራም እየመረመሩ በቃላቸው ይይዛሉ። በዚህም አቻ ውጤት በዝቷል። በ2018 ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩዋና ለዓለም ሻምፒዮናነት ባደረጓቸው 12 መደበኛ ግጥሚያዎች አንድም አሸናፊ አልታየም፤ ውሳኔው የተገኘው በፈጣን ጨዋታ ነው።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ ቦቢ ፊሸር በ1996 ያስተዋወቀው ስልት ነው። የኋላው ረድፍ በዕጣ ስለሚደረደር 960 ዓይነት አጀማመር ይኖራል። ኮምፒውተሩ በዚህም ከሰው ይበልጣል፤ ነገር ግን ሽምደዳ ዋጋ ያጣል፣ ተጫዋቹም ከመጀመሪያው እርምጃ አንስቶ ለማሰብ ይገደዳል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ስሙ ከዐረብኛው ሸጥረንጅ ጋር የሚዛመደው የአገራችን ሰንጠረዥ «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ይጀምራል። ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ አሰላለፉን ስለሚለውጥ የተሸመደደ መክፈቻ ቦታ የለውም። አጨራረሱም ይመዘናል፤ ንጉሡን በመደቅ፣ ማለትም በእግረኛ ወታደር፣ መያዝ ከሁሉ ይበልጥ ይወደሳል።

ይሁንና የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ባሳተሙት ጥናት የመዘገቡት ይህ ቅርስ ዛሬ ተጫዋቹ እጅግ ጥቂት ነው። ዓለም ባለፉት ዓመታት በብዙ ድካም የሚፈልገው ነገር በአባቶቻችን ገበታ ላይ ነበር። ሕጉ በወረቀት ሊቆይ ይችላል፤ የወረራው ፍጥነትና የአጨራረሱ ክብር ግን የሚተላለፈው ታላቅ ከታናሽ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት ብቻ ነው።