ጠፋ የተባለው ፎቶግራፍ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ በፎቶ ቤት የተነሣ የሠርግ ወይም የክርስትና ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። ይህ ፎቶግራፍ እንግዳ የሚያየው፣ የልጅ ልጅም የሚወርሰው ነውና፣ ሰው ልብሱን አስተካክሎ በጨዋነት ይነሣው ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በእጅ ስልክ ከሚላላኩት መካከል ግን ለአፍታ ታይቶ እንዲጠፋ የታሰበ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ስናፕቻት የተባለው መተግበሪያ ይህን ልማድ አስፋፋ፤ በ2016 ኢንስታግራም በ24 ሰዓት የሚያልፈውን አስከተለ፤ በ2021 ደግሞ ዋትስአፕ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታየውን ጨመረ።

ጓደኛሞች ለሳቅ ለጨዋታ ቢላላኩበት ነገሩ በራሱ ነውር አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው «ይጠፋል» በሚል ተስፋ ሊሰወር የሚገባውን ገላ አሳልፎ በመስጠት ነው። መተግበሪያው የስልኩን ገጽ መቅረጽ ቢከለክል እንኳ፣ ተቀባዩ በሌላ ስልክ ያንኑ ገጽ ከማንሣት የሚያግደው የለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ2014 ስናፕቻትን የከሰሰው፣ ስለ ምስሉ መጥፋት ለደንበኞቹ የሰጠው ቃል እውነት አይደለም በማለት ነበር።

ከቤቷ ርቃ በኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ወይም በወሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ «ፎቶግራፍሽን እበትነዋለሁ» የሚል ዛቻ ቢደርስባት ወዴት ትሂድ? የወላጆቿን ቁጣ ከፈራች፣ የሚያስፈራራት ሰው ባሪያ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ተግሣጹን ለኋላ አቆዩትና አስቀድማችሁ ከጎኗ ቁሙ። ገንዘብ አትስጥ፤ የዛቻውን መልእክት ሳትደመስስ ይዛ ከእናንተ ጋር ወደ ፖሊስ ትሂድ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ምስልን በማሠራጨት ሰውን ማስፈራራት በእስራት እንደሚያስቀጣ ደንግጓልና።

ይልቁንም ወንዶች ልጆቻችንን እናስተምር። ሴቶችን ብቻ «ተጠንቀቁ» ማለት በደለኛውን ትቶ ተበዳይዋን መገሠጽ ይሆናል። የሰው ምስል በእጅ ሲገባ አደራ ነው፤ አደራን ለጓደኛ ማሳየትም መብላት ነው።

የንስሓ አባት የሰማውን የሚሰውረው ስለ ረሳው አይደለም፤ ታማኝ ስለ ሆነ ነው እንጂ። ምስጢርን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ መሣሪያ አይደለም። እንግዲህ ልጆቻችን ስልካቸውን ከማመናቸው በፊት፣ እነርሱ ራሳቸው የሚታመኑ ሰዎች ይሆኑ ዘንድ እናሳድጋቸው።