በሬ ሲገዙ ዘመድ፣ ጡረታ ሲቆጥቡ ማን?

በወገዳ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ የስማዳ ገበሬ ጥርስና ሸኮና አይቶ የሚያውቅ ዘመዱን አስከትሎ ይሄዳል እንጂ በደላላ ቃል ብቻ ቋጠሮውን አይፈታም። ደላላው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ ነው። ደላላ አንባቢዎቻችን አይቀየሙን፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ለአንድ በሬ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ሠላሳ ዓመት ከደመወዛችን የተቆረጠው የፕሮቪደንት ፈንድ በማን እጅ እንዳለ ለምን አንጠይቅም?

በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን በጡረታ ሲያቅፍ፣ ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው በዚያው እንዲቀጥሉ ምርጫ ሰጥቶ ነበር። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በቁጥር 1268 ተተክቷል። በጡረታው በኩል አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡም በሕግ ይተዳደራል። የፕሮቪደንት ፈንድ አያያዝ ግን በአብዛኛው በአሠሪውና በሠራተኛው ስምምነት የሚወሰን ነው። ባለአደራና አማካሪ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

አደጋው ሁለት ነው። አንዱ ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ መተኛት ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ ሒሳብ 100 ሺህ ብር በዓመቱ 107 ሺህ ሲሆን፣ የ100 ሺህ ብር ዕቃ 130 ሺህ ገባ። ማንም ሳይሰርቅ 23 ሺህ ብር ጎደለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሠራተኛው ገንዘብ ከድርጅቱ ካዝና ጋር ሲደባለቅ ነው። እንግሊዛዊው የጋዜጣ ከበርቴ ሮበርት ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሞት፣ ከሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጎድሎ ተገኘ። እንግዲህ ነጋዴ ወንድሞቼ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ያ ገንዘብ የእህል መግዣ ሊመስላችሁ ይችላል። የእናንተ ግን አይደለም።

ስለዚህ አማካሪ ነኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው አራት ጥያቄ ይቅረብለት። የሚከፍልህ ማነው? ከሚሸጥልን አክሲዮን ወይም ከሚያስቀምጥበት ባንክ ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ደላላ እንጂ ባለአደራ አይደለም። ሒሳቡ በማን ስም ይከፈታል? ከድርጅቱ ሒሳብ የተለየ፣ ሠራተኞች የመረጧቸው ሰዎችም የሚፈርሙበት መሆን አለበት። ፈቃድህ የታለ? በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የኢንቨስትመንት ምክር የሚሰጥ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ ግን ሙያን እንጂ ታማኝነትን አያረጋግጥምና የመጀመሪያውን ጥያቄ አይተካም። በመጨረሻም፣ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሒሳቡን በጽሑፍ ታሳያለህ?

በአንዱ እንኳ የሚያንገራግር ከሆነ በጊዜ መሰናበት ይበጃል። አባቶች "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ይሉ ነበር። ሰማዩ ሩቅ ስለሆነ ነው በምድር ፊርማና ማኅተም የሚያስፈልገው።