የትኛው ካንሰር?

«ከመንገድ የተነሳ ውሻ ካንሰር ከተገኘበት መገላገል ነው፤ ማሳከም ቅንጦት ነው» የሚለው ጽሑፍ ዋናውን ጥያቄ ዘሎታል፤ የትኛው ካንሰር?

አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ዳር የዓሣ ትርፍራፊ ስትለቅም የተገኘች ውሻ ብልቷ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ደም የሚያንጠባጥብ እብጠት ቢታይባት፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው በግንኙነት የሚተላለፈው ዕጢ ነው። የካንሰሩ ሴል ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሻገራል። ሰውን አይዝም።

ሐኪም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ካረጋገጠ፣ ቪንክሪስቲን በሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ከ4 እስከ 6 መርፌ ባለው ጊዜ ይድናሉ። መድኃኒቱ (ጸሐፊው «ቅንጦት» ያለው መሆኑ ነው) የሕፃናት ደም ካንሰርም የሚታከምበት ነው።

ሳንባ የደረሰ የአጥንት ካንሰር ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ያስኬድ ነበር። ይቺኛዋ ግን የወር ተኩል ቀጠሮ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።