«ተቀበል!» የማይባልበት የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ

ውድ ዕጩ መምህራንና አሠልጣኞች፣

ከአገራችን አራት ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። ሁለቱ ትዝታና አንቺ ሆዬ ናቸው። አምባሰልን ማሪቱ ለገሠ ለመላው አገር አሰምታዋለች። እኛስ?

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት በአንድ የአምባሰል ቀበሌ ተማሪዎቼን «አምባሰል ምንድን ነው?» ብላቸው «ተራራ ነው» አሉኝ። «ዜማም ነው» ያለ አንድም የለ። በዚያው ሳምንት ሠርግ ተጠርቼ ብሄድ እነዚያው ልጆች ዳሱ ጥግ ተደርድረው፣ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ! ቤታቸው ያስተማራቸውን እኛ ክፍል ውስጥ ስሙን እንኳ አልነገርናቸውም።

አንዳንዶቻችን «ዘፈን ጊዜ ማባከኛ ነው» እንላለን። ስሕተት ነው። በዳሱ ውስጥ አዝማሪው ብቻውን አይዘፍንም። አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ወዲያው በማሲንቆው ያዜመዋል፤ ሰሚው ከሰሙ ሥር ወርቁን ይፈልጋል። ማዳመጥ፣ ፈጥኖ ማሰብ፣ ቤት መምታት፤ ይህ ትምህርት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ሐሳቤ ይኸው ነው። ለልምምድ የሚወጣ ሁሉ አንድ የሠርግ ወይም የደቦ ዘፈን፣ ዘፋኙን አስፈቅዶ፣ ጽፎ ይምጣ። የት፣ መቼና ለምን እንደሚዘፈንም ይመዝግብ። በሙዚቃ ክፍለ ጊዜያችንም «ተቀበል!» ይባል፤ ተማሪው ራሱ ግጥም ይስጥ። ስልክ ድምፅ ያስቀራል እንጂ ግጥም መስጠት አያስተምርም። የሚያስተምሩት አዛውንቶች ደግሞ ጡረታችንን አይጠብቁም።

በሉ እንግዲህ፣ ተቀበሉ!

ከአንድ ዕጩ መምህር