ብር ይተኛ

ቲክቶክ ላይ የንግድ ምክር የሚሰጥ ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማል፦ ብር መተኛት የለበትም። የሸጥክበትን እዚያው መልሰህ እቃ ግዛበት፣ አሽከርክረው። በቴሌግራም ጫማና ልብስ የሚሸጡ የአዲስ አበባ ወጣቶች ምክሩን እንደ ጸሎት ይዘውታል። ቻናላቸው ላይ «አለቀ» ተብሎ ሲለጠፍ ደስታ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ «አዲስ ገባ» ይከተላል። ሱቁ አደገ ይባላል። የሞተረኛው ሒሳብ ግን ከጓደኛ በተበደሩት ብር ነው የሚከፈለው።

እስኪ በቁጥር እንየው። አንዲት ነጋዴ ከቻይና ጫማ በ1,000 ብር አስመጥታ በ1,500 ትሸጣለች እንበል። ማስታወቂያ፣ ማሸጊያና ዴሊቨሪ 200 ብር ይወስዳሉ፤ 300 ይተርፋታል። በወር 100 ጥንድ ስትሸጥ ትርፏ 30,000 ብር ነው። መልካም። ነገር ግን ለአቅራቢው ከከፈለች በኋላ እቃው በካርጎ መጥቶ፣ ተሸጦ፣ ብሩ እጇ እስኪገባ ሁለት ወር ይፈጃል። ስለዚህ የ200 ጥንድ ዋጋ፣ ማለትም 200,000 ብር፣ ሁልጊዜ ወይ መንገድ ላይ ነው ወይ መደርደሪያ ላይ። ሽያጩ እጥፍ ይሁን ካለች 400,000 ያስፈልጋታል። ጭማሪው 200,000 ከየት ይመጣል? ከትርፏ ከሆነ የሰባት ወር ትርፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ያውም ሳትበላ፣ የቤት ኪራይ ሳትከፍል። ገበያው ደርቶላት ኪሷ ባዶ የሆነው ሌባ ገብቶባት አይደለም። እድገቱ ራሱ ነው የበላው።

«አሽከርክሩ» ባዮቹ መልስ አላቸው፦ ብር ዋጋው ይወድቃል። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅም በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። ሰው ብር መያዝ ቢፈራ አልፈርድበትም። ሒሳቡን አለመሥራቱ ግን ያናድደኛል። ንረቱ በዓመት 36 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ ለአንድ ወር የተኛ 60,000 ብር ከአቅሙ የሚያጣው 2,000 ብር አይሞላም። ያ 60,000 በእጇ ስለሌለ፣ ኪራይ ሲደርስባት 100 ጥንድ ጫማ በ300 ብር ቅናሽ የምትገፋ ነጋዴስ? 30,000 ብር፤ የወር ትርፏ በሙሉ።

ደግሞ እቃ ሁሉ ወርቅ አይደለም። ከየዙሩ 36 ቁጥርና 44 ቁጥር ተርፎ ይቀራል፣ ፋሽኑ ያልፍበታል፣ ሳጥኑ አልጋ ሥር ይገባል። ብር እንዳይተኛ ብለው እቃ ያስተኛሉ! ከእቃ ይልቅ ብር ቢተኛ ይሻላል፤ ብር ሲቀሰቅሱት ወዲያው ይነሳል።

ዕቁቡም ያው ሆኗል። የመጀመሪያው እጣ የወጣላት ልጅ እንደ ሎተሪ ትደሰታለች፣ ብሩን በሙሉ ለቻይናው አቅራቢ ትልካለች። የደረሳት ግን ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ክፍያውም በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል። ሰብሳቢው ካርጎው ጅቡቲ ቆየ ቢሉት አይሰማም። በዚያው ዕቁብ መጨረሻ ላይ የሚወስደው ሰው ብሩን በሰው እጅ አስተኝቶ ቆይቷል፤ እሱ የሚቀበለው የራሱን ነው፣ ዕዳ የለበትም። የመጨረሻውን እጣ ስጡኝ ብሎ የሚለምን የኦንላይን ነጋዴ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ «አለቀ» ብለሽ በለጠፍሽ ማግስት አዲስ እቃ አትዘዢ። አስቀድመሽ የሁለት ወር ኪራይ፣ የሞተረኛና የዕቁብ ብር ሌላ አካውንት ውስጥ አስገቢ፣ ካርዱንም ለእናትሽ ስጪ። የተረፈው ለ60 ጥንድ ብቻ ከበቃ 60 ጥንድ ይታዘዝ። ቻናሉ ለሁለት ሳምንት ባዶ ቢሆን ደንበኛ ይጠይቃል እንጂ አይሞትም።

«ብር አይተኛ» የሚሉት አሰልጣኞች ይህን አይነግሩሽም። እነሱ የሥልጠናውን ክፍያ የሚቀበሉት በምዝገባ ቀን ነው፤ የሚጠብቁት ካርጎ የለም።