ባለቤት የሌለው ውሻ የለም

ሰሞኑን ጥሊሊ ላይ ለአንዲት ውሻ ቤት ፍለጋ ስንከራተት ነው የከረምኩት። አትሳቁ! የሳቁብኝ ይበቁኛል። አንዱ ጓደኛዬማ፣ «አንተ ራስህ በኪራይ ቤት እየኖርክ የውሻ ቤት ደላላ ሆንክ?» ብሎ ሰው ሰብስቦ አሳቀብኝ። ነገሩ ያስቅ ይሆናል። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ውሻዋን ያገኘኋት ከኢንጂባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የጭነት መኪና ከሚጠብቁ የከሰል ጆንያዎች ሥር ተጠቅልላ ነው። አጥንቷ ይቆጠራል። አንገቷ ላይ ሽቦ ታስሯል። እያደገች ስትሄድ የሚያላላው ሰው ስላልነበረ ሽቦው ቆዳዋን አልፎ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። አላፊ አግዳሚውን «የማን ናት?» ብዬ ብጠይቅ፣ «የማንም አይደለችም፤ ባለቤት የላትም» አሉኝ።

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ሽቦውን ራሷ ናት ያሰረችው?

የዛሬ ሙግቴ ይህቺው ናት። ባለቤት የሌለው ውሻ የሚባል ነገር የለም። ያለው ባለቤቱ የካደው ውሻ ነው። ውሻ እንደ ጅብ ከጫካ መጥቶ ከተማ አልገባም። አንድ ቤት ውስጥ ተወለደ፤ ወንዱ ለጥበቃ ተመረጠ፤ ሴቷ ደግሞ «ትወልድብናለች» ተብላ በጆንያ ተጠቅልላ መንገድ ዳር ተጣለች። ከዚያ እዚያው መንገድ ዳር ትወልዳለች። ከዓመት በኋላ ያው የጣላት ሰው ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ «ከተማዋን እኮ ውሻ ወረራት፤ ማዘጋጃ ቤቱ ምን ይሠራል?» ይላል። ጎበዝ! አንተ ነህ እኮ የወረርከን!

ወደ ፍለጋዬ ልመለስ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠን፣ ቁስሏን የእንስሳት ሐኪም አይቶላት፣ ለብቻዋ ከርማ ካገገመች በኋላ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ጅራቷን ቀና አድርጎ አየና፣ «ወንድ ቢሆን እወስደው ነበር» አለ። ሁለተኛው፣ ግቢው ሰፊ የሆነ አባወራ፣ በደስታ ሊቀበለኝ ነበር። «ቀን ከሌት አስራታለሁ፤ በደንብ ካልበላችም ክፉ ትሆናለች» ሲለኝ፣ «ይቅርብዎት አያ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ይኼ በየሰፈሩ የሚሰበክ ትምህርት ነው፤ ውሻን ጨለማ ቤት አስሮ ማስራብ ጥሩ ጠባቂ ያደርገዋል ይባላል። የተራበና የተሰቃየ ውሻ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት ሌባውንና የባለቤቱን ልጅ ለይቶ አይነክስም።

ሦስተኛው ሰው ግን የሁላችሁንም ጥያቄ ጠየቀኝ። «ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት እየታመሰ፣ ሰው እየሞተና እየተፈናቀለ አንተ ስለ ውሻ ታወራለህ?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አላጣጥለውም። የምመልሰውም ስለ ውሻዋ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የውሻ በሽታ በዓመት 59 ሺሕ ያህል ሰው ይገድላል። ከሞቱት አብዛኞቹ እስያና አፍሪካ ውስጥ ናቸው። ከመቶ አርባ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍበት መንገድ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለሰው የሞከረው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መድኃኒት እያለው ልጅ የሚገድል በሽታ ማለት ነው። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ቤቱን ዘግቶ የሚሰደድ ሰው ውሻውን አስከትሎ አይሄድም። ውሻው ይቀራል፤ ይራባል፤ ከሌሎች ጋር ይገጥማል። ስለዚህ «ሰው እየሞተ» የሚለው ክርክር ለኔ ነው የሚመሰክረው።

«እንግዲያው እንግደላቸው!» የሚሉም አሉ። እሱንም አይተነዋል። በከተሞቻችን ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ማታ ተጥሎ፣ ጠዋት ተማሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ የውሻ ሬሳ እየተራመደ ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ውጤቱስ? የሞቱት ቦታ በሌሎች ይሞላል። ቆሻሻው ተራራ እንዳለ ነው፤ ቡችላ የሚጥለውም ሰው እንዳለ ነው። ብዙ ጊዜ መርዙን የሚበላው ደግሞ ተከትቦ ደጅ የወጣው ውሻ ነው፤ ይኸውም በሽታውን ሊያግድልን የሚችለው ማለት ነው። በሽታውን የሚያቆመው ከመቶ ሰባውን ውሻ መከተብ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። በ2030 እ.ኤ.አ. ከውሻ በሚመጣ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዓለም ግብ አስቀምጧል። የማንም ያልሆነን ውሻ ግን ማን ይዞ ያስከትበዋል? ለመርፌው አንገቱን የሚይዘው አንድ ባለቤት ያስፈልጋል። ዞረን ዞረን ወደ ቤት ጉዳይ ተመለስን።

ሕጉም ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳያስበው አምልጦት እንኳን ቢሆን። ለዚህም ይመስለኛል ውሻ ሰው የነከሰ ዕለት ባለቤት የሚጠፋው። ማታ ማታ ሲጮህለት «ውሻዬ» ይለዋል፤ ልጅ ሲነክስበት «የሰፈር ውሻ ነው» ይለዋል። አባቶቻችን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ብለዋል። እኔ ደግሞ ልጨምርበት፤ ውሻው የቀደደውን አጥር ሳይጠግን የተኛው ባለቤቱ ነው።

አዊ ውስጥ ይህን መናገሬ ያስከፋኛል፤ ምክንያቱም እኛ እንስሳ ማክበር የሚያስተምረን ሕዝብ አይደለንም። ሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ጥር 23 ቀን ኢንጂባራ ላይ ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ ይወጣል፤ አድዋ ድረስ ሄዶ ለዋለው ውለታ ይከበራል። አንድ ሕዝብ ለፈረሱ ማኅበር ያቋቁማል፤ እልል ያሰኛል! ያው ሕዝብ ግን ሌሊቱን ሙሉ በጉንና ድንቹን ሲጠብቅለት ላደረ ውሻ ጠዋት ድንጋይ ያነሳል። ለውሻ በዓል ይውጣለት አላልኩም። ውለታ ማወቅ ግን በፈረስ ተጀምሮ በፈረስ የሚያልቅ ነገር ነው?

ፍቅር ያለው ቤት ስልም ሶፋ ላይ የሚያስተኛ፣ እንደ ፊልሙ አፍ ለአፍ የሚሳሳም ማለቴ አይደለም። በኛ አገር አቅም ፍቅር ማለት ይኼ ነው፤ ከብርድ የሚያስጥል ጎጆ፣ ውኃ፣ ከቤተሰብ የተረፈ ግን በየቀኑ የሚሰጥ ምግብ፣ የማያንቅ ማሰሪያ፣ በቀን የተወሰነ ሰዓት መፈታት፣ በየዓመቱ ክትባት። ሴት ከሆነች የሚያመክን ባለሙያ መፈለግ፤ እስኪገኝም ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ከግቢ አለማውጣት። ልጅ ከተነከሰ ደግሞ፣ የራስ ውሻም ይሁን የሌላ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሮጥ። ቀዝቀዝ ያለ ፍቅር ነው፤ ግን ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው።

በመጨረሻ አንዲት አረቄ የሚያወጡ እናት ዘንድ ሄድኩ። ሊወስዷት የጓጉ አይመስሉም ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ተወግታለች?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«የልጅ ልጆች አሉኝ። አጥሬ በዚያ በኩል ፈርሷል። መጀመሪያ አጥሩን አብረን እናጥራለን፤ ከዚያ ትገባለች። ከርሞ መርፌዋ ሲደርስ ደግሞ አንተው ትመጣለህ። ጥለህብኝ እንዳትጠፋ!»

ከጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ክትባት የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለቤት ማለት ይኼ ነው ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንጨት ስንተክል ዋልን። እጄ ቆስሏል። ውሻዋ አሁን እዚያ ናት፤ የአንገቷ ጠባሳ ላይ ጠጉር አልበቀለም፤ የሚበቅልም አይመስለኝም። ሰው እጁን ወደ አንገቷ ሲዘረጋ አሁንም ትደነግጣለች።

ያቺን ሽቦ ያሰርከው ሰው፣ ይህን ካነበብክ፣ አትመለስ፤ እሷ ቤት አግኝታለች። ግን በሚቀጥለው ቡችላ ስትፈልግ ወንዱን ብቻ መርጠህ ሴቷን አስፋልት ዳር አታውርዳት። እናንተም ነገ «ባለቤት የለውም» የሚባል ውሻ ስታዩ ከድንጋዩ በፊት አንገቱን እዩት።